የወሰን ወይን

ለውሃ መሄጃ ተራራ ሲበሱ፣ እኔ ሾፌር ነበርኩ፤
ሲኞር ቱሊዮ ከጎኔ፣ እኔ መሪው ላይ፣ አራት ክረምት ከረምኩ።
የሱ አማርኛ «እሺ»፣ «ቀስ»፣ «ጭቃ» እና «ነገ»፤
የኔም ጣሊያንኛ ከስድብ ተነሥቶ እስከ ሰላምታ አደገ።

ኮንትራቱ አልቆ ሊሄድ ሲል፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ
አንድ ጠርሙስ ሰጠኝ፣ «ያባቴ እርሻ» ብሎ።
ወረቀቱ ላይ ሥዕል አለ፦ ዳገት፣ የድንጋይ ካብ፣
በረድፍ የቆመ ወይን፣ በየረድፉ ጫፍ ጽጌረዳ፣ እንደ ዘብ።
«ለጌጥ እንዳይመስልህ» አለኝ፤
«በሽታ ሲመጣ ቀድማ እሷ ናት የምትታመም፣ ቀድማ የምትነግረኝ።
መሬቱ ጭንጫ ነው፤ ወይን ግን ጥጋብ አይወድም፣
ሥሩ ድንጋይ ካልታገለ ፍሬው ቁም ነገር የለውም።»
እንደ ቆሎ ተማሪ ማለት ነው፣ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ስለ ወሰን አወራኝ። ቤታቸው ከጎረቤት ጋር
ሠላሳ ዓመት ተካሷል፣ ለአሥራ ሁለት እርምጃ አፈር።
ፍሬን ያዝኩ። መኪናውን ዳር አቆምኩ።
የኛን መንደር ነገር ከሱ አፍ እሰማለሁ ብዬ መች አሰብኩ!

አያቱ የተከሉት ጥቁር ዘለላ በዚህ ወገን፤
የጎረቤት ቀዩ፣ ቆምጠጥ የሚለው፣ በዚያ ጎን፤
መሐል ላይ፣ ፍርድ ባልተሰጠው መሬት፣
ማንም ያልተከለው ሦስተኛ፤ ወፍ ዘርታው ይሁን እንጃለት።
ይግባኝ ሲባል፣ ቀጠሮ ሲባል፣ ሁለቱም አዛውንት ሞቱ፤
ያን ዓመት በረዶ ወረደና ፍሬው አለቀ ከየቤቱ።
የቱም ለብቻው በርሜል አይሞላ። ልጆቹ ተያዩ፣ ዝም አሉ፣
ጥቁሩን ከቀዩ፣ ቀዩን ከባለቤት አልባው ቀላቀሉ።

ደምበጫ የገባሁ ለት ጠርሙሱ ጋቢዬ ውስጥ ነበር።
እኛና እነ አንሙት በወሰን ተጣልተን ችሎት ለችሎት ስንዞር
ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል፤ ዳኛው ብቻ ነው የሚቀያየር።
ማኅበር ግን አንድ ነን። ዝክሩ ላይ ጠርሙሱን አወጣሁ፤
ቡሹ በወስፌ እምቢ፣ በካራ እምቢ፤ በመጨረሻ ወደ ውስጥ ገፋሁ።

በብርሌ ተቀዳ። ጠጅ የለመደ ጉሮሮ ተሸማቀቀ፤
አንሙት ቀምሶ «ማሩ የት ሄደ?» አለና ጢሙን አደረቀ።
አባቴ ደግሞ «መድኃኒት ነው ወይስ ቀለም?»
ብሎ አማ፤ ብርሌውን ግን አላስቀመጠም።

መሪጌታ ልሳነወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው በአፋቸው አቆዩት፣
ደቀ መዝሙር ቅኔ ሲዘርፍ እንደሚያደምጡት።
«ስንት ነው?» አሉ። «ሦስት» አልኩ። «የማን የማን?» ነገርኳቸው፤
ወፍ የዘራችውን ሦስተኛ ሲሰሙ ፈካ ፊታቸው።
«ታዲያ ይህማ ኅብር ነው! ሰሙን ከወርቁ ለይታችሁ
ልትጠጡ አትድከሙ፤ አንዱ ቃል ነው ሁለቱን የያዘላችሁ።»

ዝም ተባለ። እርቅ ይወርዳል ብዬ ነበር። አልወረደም።
አንሙት ለሚያዝያ ተቀጥሯል፤ አባቴም አይቀርም።

በማግሥቱ ነው ያየሁት፣ ዘጠኝ ዓመት ሳላይ የኖርኩትን፦
ማረሻ ከማይደፍረው ከመሐሉ መሬት፣ በራሱ የበቀለውን
ጌሾ፣ እናቴ በዚህ በኩል ስትቀነጥስ አንዱን፣
በዚያ በኩል የኔአለም፣ የአንሙት ሚስት፣ ሌላውን።
የነሱም ጠላ የኛም ጠላ ከአንድ ቁጥቋጦ ነው ለካ!
«ይህ የማን ነው?» አልኳት እናቴን። ቀና ብላ ገረመመችኝ፤
«የጋኑ ነዋ!» አለች፤ «ይልቅ ያዝልኝ» ብላ ዘንቢሉን አሸከመችኝ።

ይህን ለሲኞር ቱሊዮ ልጽፍለት አድራሻ የለኝም፤
ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የዳገቱ ይሁን የሱ፣ አላውቅም።
ጠርሙሱ መስኮቴ ላይ ነው። ቡሹ እስከ ዛሬ ከውስጡ አልወጣም።